ምክሩ ይቆይና ውሃ አቀብሉኝ

«የት ሄድሽ?» ይሉኛል፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ። እኔ እዚሁ ነኝ፤ የሄደው ዓለም ነው።

ቤቱ ቤታችን ነው፣ እናቴም እናቴ ናት። ግን ሁሉም ከወፍራም መስታወት ማዶ የቆመ ይመስለኛል። ድምፅ ይርቃል፣ ቀለም ይደበዝዛል፣ ልጅ ሆኜ የሮጥኩበት መንገድ እንግዳ ይሆንብኛል። ሐኪሞች ዲሪያላይዜሽን ይሉታል። ቦርደርላይን የሚባለው የስብዕና መታወክ ያለብን ሰዎች ጭንቀት ሲበረታብን ይመጣብናል፤ ሕመሙ ከሚለይባቸው 9 ምልክቶች መካከልም አለበት። ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች፣ ቢበዛ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። የሰው አፍ ነው የማያልፈው።

«አበደች» ላሉኝ፦ ዓለም እውነት መሆኗን ጠይቁኝ፣ «አዎ» እላችኋለሁ። የጠፋብኝ ስሜቱ እንጂ እውቀቱ አይደለም። ባብድስ ኖሮ? እብደትም ሕመም ነው፤ ሰው በሕመሙ አይሰደብም።

«ቅብጠት ነው» ላሉኝ፦ ሲቀብጥ በፍርሃት የሚንቀጠቀጥ ሰው የት አያችሁ?

«ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ሂጂ» ላሉኝ ጎረቤታችን፦ እትዬ፣ እሄዳለሁ፤ እምነቴም ነው። ግን ባለቤትዎ ጠበል ሲወርዱ የስኳር መድኃኒታቸውን ይዘው አይደል? እኔም የሐኪሜን ቀጠሮ ይዤ ልውረድ።

«አንዲት ኪኒን ዋጪና ይለፍልሽ» ላሉኝ፦ ለቦርደርላይን ተብሎ የጸደቀ ኪኒን ቢኖር እስካሁን እውጥ ነበር። አብሮት የሚመጣውን ድብርትና ጭንቀት መድኃኒት ሊያግዝ ይችላል፤ ዋናው ሕክምና ግን ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በንግግርና በልምምድ የሚሠራው ነው።

«ትንሽ ቃሚ፣ ያነቃሻል» ላለኝ ጓደኛዬ፦ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፣ እንቅልፌን ይወስደዋል። ሳልተኛ ያደርኩ ለታ ደግሞ ዓለም ይብስ ይርቃል። ሐሺሽንም «ለራስህ ያዘው» አልልህም፤ ለአንተም አልመኝልህም። ሐሺሽ ይህን ስሜት በራሱ ሊቀሰቅስ ይችላል።

«ካልተስተካከልሽ ጥዬሽ ነው የምሄደው» ያለኝም አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የጎዳኝ ይሄ ነው። ቦርደርላይን ያለበት ሰው ትልቁ ፍርሃት መተው ነው። እውነተኛው መተው ብቻ ሳይሆን የሚታሰበውም ያናውጠናል፤ ዓለም ከሚደበዝዝባቸው ምክንያቶች አንዱም እሱ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ራሱ፣ የሚንከባከበን ሰው ፍቅር መመለሱ ሲሰማን ምልክቱ ሊለቅ እንደሚችል ጽፏል። ስለዚህ መልሴ ይኸው፦ መሄድ መብትህ ነው፣ ማስፈራሪያ ግን አታድርገው። ሱቅ ከሆነ የምትሄደው «ሱቅ ደርሼ መጣሁ» በል። ከዚያ ደግሞ ና።

«ይሄ ሁሉ ፈረንጅ ከመጽሐፍ ያነበበው ወሬ ነው» አሉ አጎቴ። ጋሼ፣ ማርሻ ሊንሃን ከመጽሐፍ አላነበበችውም፤ መጽሐፉን የጻፈችው እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1961 ገና በ17 ዓመቷ አሜሪካ፣ ሃርትፎርድ ከተማ ሆስፒታል ገባች፤ ከሁለት ዓመት በላይ እዚያ ኖረች። ስኪዞፍሬኒያ ነው አሏት፣ በኤሌክትሪክም አከሟት። አድጋ ተማረችና በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ የሚባለውን ሕክምና ፈጠረች፤ መመሪያውም በ1993 ታተመ። በ2011 ደግሞ ወደዚያው ሆስፒታል ተመልሳ፣ ሰው ፊት ቆማ የራሷን ታሪክ ተናገረች። እኔ ዛሬ የምለማመደው ብዙው ነገር ከእሷ የመጣ ነው። ከገባበት የወጣ ሰው ካልመራኝ ማን ሊመራኝ ነው?

«እሺ፣ ምን እናድርግልሽ?» ያሉኝ ጥቂቶች ናቸው። እነሱን እወዳቸዋለሁ፣ መልሱም ለእነሱ ረዘም ይላል። ምክሩን አቆዩትና ቀዝቃዛ ውሃ በሳህን አቅርቡልኝ። ትንፋሼን ይዤ ፊቴን ለጥቂት ሰከንዶች ስነክርበት የልቤ ምት ይቀንሳል፤ ሰውነት ሲጠልቅ የሚያደርገው የተፈጥሮ ምላሹ ነው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክረው። ጤና አዳም ካለ እጄ ላይ አድርጉልኝ፣ አሽቼ ላሽትተው። ጫማዬን አውልቄ የእግሬን መዳፍ ሲሚንቶው ላይ ልጫን። ከዚያ የማየውን ስም እየጠራሁ ልቁጠር፦ ረከቦት፣ መጋረጃ፣ የአባቴ ፎቶ፣ ጀበና፣ በር። ቀጥሎ የምሰማውን፣ ቀጥሎ የምነካውን። ስጨርስ «ለቀቀሽ?» እያላችሁ በየደቂቃው አትጠይቁኝ፤ እኔም ራሴን እንዳልጠይቅ እየታገልኩ ነው፣ ምክንያቱም በጠበቅኩት ቁጥር ይቆያል። ሽንኩርት አምጡና እንላጥ። ስለ ሰፈሩ አውሩኝ። እጄን ከመያዛችሁ በፊት ግን «ልያዝሽ?» በሉኝ።

ይህ ስሜት አዲስ ሆኖ የመጣበት፣ ራሱን የሚስት ወይም የሚያንቀጠቅጠው ሰው ደግሞ መጀመሪያ ይመርመር፤ የሚጥል በሽታና ማይግሬንም ተመሳሳይ ስሜት ሊያመጡ ይችላሉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ አብሮ ከመጣ ያን ሰው ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

«ዕድሜ ልክሽን እንዲህ ነሽ ማለት ነው?» አለኝ ወንድሜ። አይደለሁም አልኩት። ቦስተን አጠገብ ማክሊን የሚባል ሆስፒታል አለ፤ እነ ሜሪ ዛናሪኒ ቦርደርላይን ያለባቸውን 290 ሰዎች ለዓመታት ተከታትለዋል። በ10 ዓመት ውስጥ 93 በመቶው ምልክቶቻቸው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ለቀዋቸው ታይተዋል። ሙሉ ማገገም የሚባለው ግን ግማሹ ጋ ነው የደረሰው፤ ለእሱ ምልክቱ መልቀቁ ብቻ አይበቃም፣ ሰውዬው ጥሩ ወዳጅነትና በደንብ የሚሠራው ሥራ ሊኖረው ይገባል።

«ግማሹ ብቻ?» አለ።

«አንተ ሱቅህ ውስጥ ሒሳብ የሚይዝ ሰው ስትፈልግ ወር ሆነህ አይደል? ቅጠረኝና ቁጥሩን ከፍ እናድርገው» አልኩት።