ስለ ሽርሽር ሥርዓትና ስለ ፖቶማክ አራዊት የተጻፈ አጭር ድርሳን

ፊሳልጎስ የተባለው የጥንት መጽሐፍ፣ ከጽርእ ወደ ግእዝ ተመልሶ በሊቃውንታችን እጅ ሲገባ፣ የአንበሳውን፣ የንስሩንና የእባቡን ጠባይ ከነምሥጢሩ ዘርዝሮ፣ በሐምሌ ቅዳሜ ከውድብሪጅ ተነሥቶ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ገደል የሚወርደውን ሐበሻ ግን አንድ ቃል ሳይናገርለት አልፏል። ይህን ጉድለት በአቅማችን ለመሙላት ስንል፣ ተመልካችም ተመጋቢም ሆነን የተካፈልንበትን የአንድ ቀን ሽርሽር ለሐተታ እናቀርባለን።

ጉዞው የተቀጠረው ለሁለት ሰዓት ነበር። በዚህ ቃል ከባሕር ዳር ለጥየቃ የመጡት አክስቴ ጠዋትን፣ እዚህ አሜሪካ ተወልዶ ያደገው የእኅቴ ልጅ ደግሞ ከቀትር በኋላን ስለ ተረዱ፣ ጉባኤው የሁለቱ እኩሌታ በሆነው በአምስት ሰዓት ተነሣ፤ በሐሳብ የተለያዩ ወገኖች ከዚህ የተስተካከለ ዕርቅ አድርገው አያውቁም። የሄድንበት የግሬት ፎልስ ፓርክ ባለ መኪናን የሚያስከፍለው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በመኪናው ስለሆነ፣ በኖኅ መርከብ ስምንት ነፍስ እንደ ተቈጠረ፣ እኛም በአንዲት ሚኒቫን ስምንት ሆነን ገባን። ስንቁም እንደ አራዊቱ ጥንድ ጥንድ ነበረ፤ ሁለት ድስት ዶሮ ወጥ፣ ሁለት ኩለር፣ አንዱ ቢሰበር ተብሎ ሁለት ጀበና። ጥንድ ያልነበረው አክስቴ ከጉልበቴ አላወርድም ያሉት አገልግል ብቻ ነው።

ከምሳ በፊት ፏፏቴውን ልናይ ሄድን። ወንዙ እዚያ ዘንድ 23 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ነገር ግን ባንድ ጊዜ ተወርውሮ ሳይሆን፣ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት ከዓለት ወደ ዓለት እየዘለለ ነው፤ ቀጥሎም 300 ሜትር ያህል ይሰፋ የነበረው ውሃ ማዘር ጎርጅ ከሚሉት ገደል ሲደርስ ከ18 እስከ 30 ሜትር በሆነ ጉሮሮ ተጨምቆ ያልፋል። ጢስ ዐባይን እያዩ ያደጉት አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ታዲያ ጢሱ የታለ?» አሉ። ዐባይ ባንድ ዝላይ 40 ሜትር ገደማ እንደሚወድቅ፣ ፖቶማክም ከገነት ከሚወጡት ከአራቱ አፍላጋት አንዱ አለመሆኑን አስረዱን። የዐባይ ውሃ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ከተጠለፈ ወዲህ ያ ጢስ ራሱ በበጋ ወራት እንደሚሳሳ ላነሣ ብዬ ነበር፤ ዳሩ ግን አገልግሉ ገና በእጃቸው ነበረ።

ፍርዳቸው የተለወጠው ከአንድ ምሰሶ ሥር ነው። ጎርፍ በየዘመኑ የደረሰበት ከፍታ ከተመለከተበት ከዚህ ምሰሶ ላይ የ1936 እ.ኤ.አ. ምልክት ከሁሉ በላይ፣ ቁመተ ረጅም ከሆነው ከእኅቴ ልጅ ራስም በላይ ይታያል። ከምልክቱ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ምልክቱ ሁለት ጊዜ አዩና፣ «ለካ እንግዳ ብንሆን ነው የታገሠን» ብለው ሁላችንንም አራት እርምጃ ወደ ኋላ መለሱን።

ምሳ የበላነው ከአንድ የድንጋይ ቦይ ፍራሽ አቅራቢያ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ይመሩት የነበረው በ1785 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኩባንያ፣ ጀልባ ፏፏቴውን ዞሮ እንዲያልፍ ያስቈፈረው ይህ ቦይ በ1802 ተፈጽሞ በ1828 ስለ ተተወ፣ 17 ዓመት ተደክሞበት 26 ዓመት አገለገለ ማለት ነው። የኛ ስንቅ ሁለት ቀን ሽንኩርት ሲቁላላለት ሰንብቶ በ25 ደቂቃ ስላለቀ፣ በዚህ ስሌት ከአክስቴ ይልቅ ዋሽንግተን እንደ ቀናቸው ሳንወድ መዝግበናል።

አራዊትን በተመለከተ፣ አጋዘን አልታየም፤ በውድብሪጅ የጎረቤታችንን ጽጌረዳ ሌሊት ሌሊት ሲበላ ግን ይታያል። ጥንብ አንሳ ከሚፈለገው በላይ ነበረ። ከፍ ብሎ የሚያንዣብብ አንድ ወፍ በታየ ጊዜ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ፤ እኩሌቶቹ በኮን ደሴት ጎጆ የሠራው ራሰ ነጭ ንስር ነው ሲሉ፣ የቀሩት ራሱ ጥቁር ስለሆነ ጥንብ አንሳ ነው አሉ። የንስሩ ራስ የሚነጣው በአምስት ዓመቱ ገደማ መሆኑን የእኅቴ ልጅ ከስልኩ ባነበበ ጊዜ፣ ክርክሩ ሊፈታ ቀርቶ ጭራሹን መፍትሔ የሌለው ሆነ። ፊሳልጎስ ያረጀ ንስር ወደ ፀሐይ በርሮ፣ ክንፉን አቃጥሎ፣ ከምንጭ ሦስት ጊዜ ተነክሮ ይታደሳል ስለሚል፣ አክስቴ ሲነከር ለማየት አንገታቸው እስኪደነዝዝ ጠበቁ። ወፉ አልተነከረም። ከገደሉ ሥር ግን እንደ ሽመላ ያለ፣ ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፍ፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እስኪደርስ ድረስ በአንድ ዓለት ላይ ሳይነቃነቅ ቆሞ ስለ ዋለ፣ ባሕታዊ ተብሎ ተሰየመ።

ፖቶማክ ከገደሉ ወጥቶ፣ ዋሽንግተንን አልፎ፣ እኛው ሰፈር ድረስ ይመጣል። ከኦኮኳን ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ስፍራም በ1998 የተከለለ የዱር እንስሳት መጠጊያ ከቤታችን አሥር ደቂቃ ላይ ስላለ፣ ወፉን በነጠላ ጫማ ሄደን ልናየው እንችል ነበር፤ ነገር ግን ለአሥር ደቂቃ መንገድ ሁለት ጀበና ጭኖ የሚወጣ ሰው የለም። ማምሻውን በሩት ዋን ድልድይ ኦኮኳንን ስንሻገር፣ ከዳር ጭቃው ውስጥ አንድ ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፍ ሳይነቃነቅ ቆሟል። አክስቴ ባዶውን አገልግል እንዳቀፉ በመስኮቱ አዩትና፣ «ባሕታዊው ቀድሞን ገባ» አሉ።