መድረሻ የሌለው ተሳፋሪ

የለንደን ሰው ስለ አውቶብሱ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ቁጥሩንና መዘግየቱን። ከዚያ በላይ የሚያውቅ ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ፤ የአውቶብስ ወዳድ ነው። ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው፤ ጡረታ ወጥቷል ወይም ሊወጣ ቀናት እየቆጠረ ነው። ቦርሳው ውስጥ ካሜራ፣ የሻይ ፔርሙስና ጥጉ የታጠፈ ማስታወሻ ደብተር አይጠፋም። ደብተሩን ገልጦ ሲጽፍ ግጥም የመጣለት እንዳይመስላችሁ፤ የሚጽፈው የአውቶብስ የጎን ቁጥር ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ኢያን አለን የተባለ እንግሊዛዊ አሳታሚ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የባቡሮችንና የአውቶብሶችን ቁጥር የሚዘረዝሩ ትንንሽ መጻሕፍት አወጣ። ልጆች መጽሐፉን ኪሳቸው ከተው መንገድ ዳር እየቆሙ ባዩት ቁጥር ሥር ያሰምሩ ነበር። ልጆቹ አድገው አረጁ፤ ማስመሩ ግን እስከ ዛሬ አላለቀላቸውም።

አዲስ አውቶብስ መስመር የሚገባ ቀን ወዳዱ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ጋራዡ በር ላይ ይቆማል። ብቻውንም አይደለም። ብርዱ እያንዘፈዘፋቸው በሩ እስኪከፈት የሚጠብቁት ጓደኞቹ ሙሽራ ሊያወጡ የመጡ ሚዜዎች ይመስላሉ። አውቶብሱ ብቅ ሲል የካሜራው ጋጋታ ሾፌሩን ያስደነግጠዋል። ፎቶው የራሱ ሕግ አለው፤ ፊቱና የበሩ ጎን አንድ ላይ መታየት አለባቸው፣ የመስመሩ ቁጥር መነበብ አለበት፣ ፊት ለፊቱ ሰው መቆም የለበትም። ታዲያ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ይዘው ፌርማታው ላይ ሲደርሱ የሚያያቸው ጥፋት እንደሠሩ አድርጎ ነው። ለእሱ አውቶብስን የሚያበላሸው ተሳፋሪ ነው።

ሲሳፈርም ሮጦ ፎቅ ላይ የፊተኛውን ወንበር ይይዛል። የሞተሩን ድምፅ የሚቀዳ ከሆነ ጎኑ የተቀመጠ ሰው ባያስነጥስ ይመረጣል። ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ደግሞ ወዮለት።

«ይቅርታ፣ ይሄ ቪክቶሪያ ያደርሳል?»

«ይሄማ አዲሱ ነው! ሦስት በር፣ ሁለት ደረጃ፣ ሞተሩ በናፍጣም በኤሌክትሪክም...»

«እሺ፣ ያደርሳል ወይ?»

ያደርሳል፤ እሱ ግን ቪክቶሪያ ጉዳይ የለውም። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ይወርድና በዚያው አውቶብስ ይመለሳል።

የዚህ ሁሉ ድግስ ሁነኛ ማሳያ ከክላፕተን እስከ ቪክቶሪያ የሚሄደው 38 ቁጥር ነው። ይህ መስመር ያላየው አውቶብስ የለም። እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ከኋላ ክፍት የሆነው ቀዩ ሩትማስተር ሠራበት፤ ቀጥሎ 18 ሜትር የሚረዝመው ተቀጣጣይ አውቶብስ መጣ፤ በ2009 እሱም ተነስቶ ተራ ባለ ፎቅ ተተካ። በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2012 ደግሞ አዲሱ ሩትማስተር ገባ። የገባው አንድ አውቶብስ ብቻ ቢሆንም ወዳዱና ጋዜጠኛው ተረባርቦ ሞላው። ወደ ሥራው የሚሮጠው ሰውዬ ቦታ ቢያጣ አይፈረድባቸውም፤ እሱ የሄደው ለመድረስ ብቻ ነበር።

የወዳድ ፍቅር ደግሞ አቅጣጫው አይታወቅም። ተቀጣጣዩን ለንደን ውስጥ ያልረገመው ሰው ጥቂት ነው፤ መንገድ ዘጋ ተባለ፣ ሳይከፍሉ የሚሳፈሩበት ተባለ። በዲሴምበር 2011 በ207 ቁጥር የመጨረሻ ጉዞውን ሲያደርግ ግን ካሜራው ያው ተሰልፎ ነበር። ከተሰናበቱት አንዳንዶቹ ማልታ ሄደው አገለገሉ፤ ጥቂቶቹ እዚያ እሳት ተነሥቶባቸው ማልታም በ2013 ከመንገድ አወጣቻቸው። ለወዳድ አውቶብስ የሚያምረው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲገባና ሲወጣ። በመካከል ያሉትን ዓመታት የሚኖርበት ተሳፋሪው ነው።

ተሳፋሪው አዲሱን ሩትማስተር ኖረበት። ንድፉን ያወጣው ስመ ጥሩው ቶማስ ሄዘርዊክ ነው፤ ከውጭ ለሚያየው ያማረ ነው። ከውስጥ ግን መስኮቶቹ አይከፈቱም ነበር፤ በጋ ሲመጣ ፎቁ ላይ የተቀመጠው ሰው ላቡን እየጠረገ ንድፉን አደነቀ። በ2015 መስኮት እንዲከፈት ተወሰነ፤ ወጪውም ወደ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ። ከኋላ ያለው ክፍት መውጫ እንደ ድሮው ዘልለው እንዲሳፈሩበት ታስቦ ነበር፤ ሰው እንዳይወድቅ የሚጠብቅ ረዳት ቆመበት። ረዳቱ ሒሳብ አይቀበልም፣ ትኬትም አይቆርጥም ነበር። ደመወዙ ከበደና በ2016 ረዳቶቹ ቀሩ፤ የኋላውም በር እንደማንኛውም በር ፌርማታ ላይ ብቻ የሚከፈት ሆነ። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ሳይከፍል የሚሳፈረው በዛ ተብሎ መግባት በፊተኛው በር ብቻ ሆነ። እነሆ ሦስት በር ተሠርቶ በአንዱ ይገባል። የተገዛውም አንድና ሁለት አይደለም፤ 1,000 ነው፣ የአንዱ ዋጋ 350 ሺህ ፓውንድ ገደማ።

እዚህ ላይ ስለ ባለ ደብተሩ ሰውዬ አንድ ነገር መመስከር ይገባል። የሚያብደው በራሱ ኪስ ነው። ሻዩን ከቤቱ ያመጣል፣ ብርዱን ራሱ ይበርደዋል። ከተማዋ በእሱ ምክንያት ያጣችው አንድ የፊት ወንበር ነው። ችግር የሚመጣው ይህ ፍቅር ደብተሩን ጥሎ በጀት ሲይዝ ነው።

አዲሱን ሩትማስተር ቃል ገብተው በ2008 የለንደን ከንቲባ የሆኑት ቦሪስ ጆንሰን፣ ከዓመታት በኋላ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲወዳደሩ በትርፍ ጊዜያቸው ምን እንደሚሠሩ ተጠይቀው ነበር። ከአሮጌ የእንጨት ሣጥን አውቶብስ እንደሚሠሩና ውስጡ ደስ ያላቸው ተሳፋሪዎች እንደሚስሉ ተናገሩ። አገሩ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን የመስኮቱ ጉዳይ ያኔ ነው የገባኝ፤ የተሳለ ተሳፋሪ አይሞቀውም፣ ሥራም አይረፍድበትም።