ትንሿ ሴባስቶፖል፦ የአሠራር መመሪያ ለማሻ ሰው

ማሻ ላይ በጓሮው የነሐስ መድፍ ማቅለጥ ያማረው ሰው ከሰም ይጀምር። ሰም አይቸግርም፤ ሸካ ደን ውስጥ ቀፎ የሚሰቅለው ገበሬ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያወርድለታል። በሰሙ የመድፏን መልክ ይቀርጻል፦ አጭር፣ አፈ ሰፊ፣ ቁመቷ ከስንዝር የማይበልጥ። በላዩ ሸክላ ይለብጣል፤ እሳት ዳር ሲያስቀምጡት ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በለቀቀው ቦታ ነሐስ ይገባል። መልኩን የሰጠ ሰም ነበር፤ አደባባይ የሚቆመው ነሐስ ነው። ገበሬው ‹‹ሰሙስ?›› ብሎ ቢጠይቅ እውነቱን ይንገሩት፤ ሰሙማ ፈሶ ቀረ።

አርአያዋ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ናት። ወንጌል ሊሰብኩና የእጅ ሥራ ሊያስተምሩ የመጡትን እነ ዋልድማየርን፣ ንጉሡ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ሥሩ አሏቸው። አናውቅም አሉ። (በዚያ ዘመን ‹‹አላውቅም›› የሚል ባለሙያ ነበር።) ከብዙ ድካም በኋላ 7 ቶን ገደማ የምትመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደች፤ በ1860 ዓ.ም. ቋጥኝ እየተፈለጠ፣ ገደል እየተደለደለ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎተተች። መንገዱ የወጣው ለመድፏ ነው፤ ጎታቹ በመንገድ የሄደው በእሷ ሰበብ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ሲወድቅ እንግሊዞች የዘረፉትን መጽሐፍና ቅርስ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጫኑ። ሴባስቶፖልን ግን እዚያው ተዉአት። ሌባም ሚዛን ያውቃል።

ወደ ነሐሱ ቅይጥ እንመለስ። 9 እጅ መዳብ፣ 1 እጅ ቆርቆሮ፤ የቤት ክዳኑን አላልኩም። የቧንቧ ቁልፍ አይንቀሉ፤ አንደኛ ናስ እንጂ ነሐስ አይደለም፣ ሁለተኛ ባለቤቱ ውሃው ይመጣል ብሎ እየጠበቀ ነው። ቆርቆሮው ሲበዛ ድምፁ እንደ ደወል ይጠራል፤ ያው ድምፀ መልካም ግን በትንሽ ምት ይሰነጠቃል።

ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። ማሻን ዝናብ ከዓመቱ የሚበዛውን ወር አይለቃትም። ውስጡ ባልደረቀ ሸክላ ላይ የቀለጠ ነሐስ ሲፈስ፣ የቀረችው ውሃ ባንዴ እንፋሎት ሆና ሁሉን ትበትነዋለች። ስለዚህ ምድጃ ዳር ይክረም። እንግዳ ተጠርቷል፣ ሪባን ተገዝቷል ተብሎ ያልደረቀ ነገር አይመረቅም። እንግዳው ሪባኑን ቆርጦ በመኪናው ይሄዳል፤ ፍንጣሪው የጎረቤት ነው።

መቀመጫው ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። መድፍ ሲተኮስ ወደ ኋላ ስለሚገፋ ከበድ ያለ መቀመጫ ይፈልጋል፤ ዋንዛ ደህና ነው። ነገር ግን መቀመጫውን ሲያሰፋ፣ ሲወለውል፣ ከሌላው መቀመጫ ጋር ሲያስተያይ መድፉን የረሳ ስንት አለ! ሥራው የት ደረሰ ሲሉት መቀመጫውን ያሳያል። በእርግጥ ያምራል።

መድፍ ሳያጎርሱት አይናገርም፤ ጠባዩ የጥንት ነው። ጎርሶም ዝም የሚል አለ፤ እሱን ደጋግሞ ማጉረስ አደጋ አለው፣ የተናገረ ቀን ከነአጉራሹ ነው። የእኛዋ ግን የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስላለ ባትጎርስ ይሻላል። ለዚህ መላው ቀላል ነው፦ እሳት የምትቀበልበትን ከኋላ ያለውን ቀዳዳ አይብሱላት። አፍ ይኑራት፣ ጆሮዋ ድፍን ይሁን። ከፊት ለሚያያት ልዩነት የለውም፤ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና የቆመችውም አምሳያ ናት፣ ሰው ግን ፎቶ ይነሳባታል።

አቤቱታ ያለው ሰው መጥቶ አፏ ላይ ጎንበስ ብሎ ቢናገርም አይከልክሉት። የገዛ ድምፁ ጎርነን ብሎ ይመለስለታል፤ መልስ አገኘሁ ብሎ ይሄዳል።