በዘንግ ላይ ስለተደፋ ጣሳ

ቢራ ለመቅመስ አገር የሚያቋርጡ ሰዎች «ታሪካዊ» የሚሉት መጠጥ ቤት ዕድሜው ግድግዳው ላይ የተጻፈለትን ነው። ኖቲንግሃም ያለው «ትሪፕ ቱ ጀሩሳሌም» 1189 ብሎ በጉልህ አስጽፏል። እኔና አንድ ወዳጄ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያጠናነው ጠላ ቤት ግን ግድግዳው በየበዓሉ ስለሚለሰን የጽሑፍ ማስረጃ አልተገኘበትም። በቃል ማስረጃ ሞከርን።

«እማማ፣ ቤቱ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከእናቴ ጀምሮ ነው ልጄ።»

«እናትዎስ?»

«ከናታቸው።»

ምርምሩ ከዚህ አላለፈም።

የጥናቱ ዋና ጉዳይ ከአጥሩ በላይ በቀጭን እንጨት አናት ላይ የተደፋው ጣሳ ነው። የጣሳው ባዶነት የጋኑን ሙላት ያመለክታል። ይህን ተቃርኖ ፊደል ያልቆጠረ መንገደኛ ሳይቀር ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝም ጠማቂ ሴቶች፣ ኤል የሚሉት ጠላቸው ሲደርስ ደጃቸው ላይ ዘንግ ያቆሙ ነበር፤ ቃለ መሐላ የፈጸመ ቀማሽ ሹም አይቶ እንዲመጣ። እ.ኤ.አ. በ1393 ደግሞ ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ሻጩ ሁሉ ምልክት ይስቀል ብሎ ደነገገ። ታዲያ የእነሱ ምልክት አንዴ ከተሰቀለ በርሜሉ ቢደርቅም አይነቃነቅም። የኛ ጣሳ ጋኑ ሲያልቅ ይወርዳል። በእውነተኝነት የኛው ይበልጣል ከሚል ድምዳሜ ደርሰናል፤ የደረስነውም ጣሳው ሳይወርድ ነው።

እዚህ ቀማሽ ሹም የለም። እማማ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ራሳቸው ቀመሱልን። ሻጭም መርማሪም መሆናቸው የጥቅም ግጭት ይመስላል፤ ነገር ግን መርዝ ቢኖርበት ቀድመው የሚሞቱት እሳቸው ናቸው፤ የትኛውም የደረጃዎች መሥሪያ ቤት እዚህ ድረስ ኃላፊነት አይወስድም። ጋኑ በወይራ ታጥኗል፤ ጠላው የገብስ ነው። ሆፕ የተባለው መራራ ተክል እንግሊዝ ውስጥ የተለመደው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ እንደሆነ፣ እስከዚያም ኤላቸው በአብዛኛው ያለ እሱ ይጠመቅ እንደነበር ነገርናቸው።

«ያለ ጌሾ?» አሉ። አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። «አይ፣ የሰው ልጅ!»

የጠጣነውን መጠን በተመለከተ አኃዝ ማቅረብ አልተቻለም። ለአንድ ጣሳ ከፍለን ገና ከአጋማሹ ዝቅ ስንል ምራቂ ተጨመረ። ምራቂው ከሂሳቡ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ላይ ከወዳጄ ጋር የተፈጠረው ልዩነት እስከ ዛሬ አልታረቀም፤ እሱ የሂሳብ መምህር ነው።

ቤቱ የግድግዳ ሰዓት የለውም፤ አያስፈልገውምም። ቅራሪ ከቀረበ መሽቷል። ቅራሪ ቀረበ። አንድ ልጅ ወጥቶ ጣሳውን አወረደ፤ አተላውም በባልዲ ወደ ላሟ ሄደ። የላሟን አስተያየት ለማካተት ጊዜ አልበቃንም።