አንቀጽ 31 ማንያታ አልደረሰም

እኔ ሰው አልጠላም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሞያሌው ሰፈሬ ማንያታ ሙሉ «ሽማግሌው ሰው ጠላ» ሲል እንደሚያመሽ ስለማውቅ ነው። የምለው፣ ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ በርጩማው ላይ፣ ማንም ሳያየው እግሩን ማከክ ይፈቀድለት!

ሕጉ ከእኔ ጋር ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት፣ የ2010ሩ (ዘመኑን የምቆጥረው በዚህ ማዶ፣ በኬንያ በኩል እንደሚቆጠረው ነው)፣ በአንቀጽ 31 የሰው የቤተሰቡና የግል ጉዳዩ ያለአስፈላጊነት እንዳይጠየቅ፣ እንዳይገለጥም ይከለክላል። ከድንበሩ ኬላ ማዶ የኢትዮጵያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት ይከበር ይላል። ሁለት መንግሥት ገመናዬን ሊጠብቅ ቃል ገብቶልኝ ከቡና ስኒ ግን አላስጣለኝም። በአቦል የልጄ ደመወዝ ይጠየቃል፤ በቶና ምራቴ እስካሁን ለምን እንዳልወለደች ይመረመራል፤ በበረካ ፍርድ ይሰጣል። ይግባኝ የለም፣ ቡናው አልቋል። አንቀጹን ለጎረቤቴ ብነግራት፣ «አንተ ሰውዬ፣ አስፈላጊ ባይሆንማ መች እጠይቅህ ነበር?» አለችኝ።

በ2013 ናይሮቢ ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ላይ ያ የሽብር ጥቃት ከደረሰ ወዲህ መንግሥት «ኒዩምባ ኩሚ» የሚለውን ነገር ይዞ መጣ። አሥር አሥር ቤት ሆናችሁ ተዋወቁ፣ አንዱ የሌላውን ይወቅ ነው ነገሩ። ናይሮቢ ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ለሚሞት፣ መልካም። ማንያታን ግን ምን በወጣት! እዚህ ከገበያ የተመለሰ ሰው ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ሰፈሩ ከእሱ ቀድሞ ያውቃል። እኛን የሚያስፈልገን የሰማነውን መርሳት የሚያስተምር መርሐ ግብር ነበር።

ውኃ እንኳ ይመሰክርብኛል። ሞያሌ ላይ ውኃ ብርቅ ነው፣ በጀሪካን ይገዛል። አንድ ጀሪካን ስጨምር «እንግዳ መጣብህ?»፣ ስቀንስ «አመመህ?»። አንድ ሳምንት ጨምሬ በሚቀጥለው ብቀንስ «እንግዳው ተጣልቶህ ሄደ?»

ሰላምታውስ! ቦረናው ከሰው አልፎ ከብቱን ይጠይቃል። ከብት የለኝም ብል ለምን እንደሌለኝ ይጠየቃል። ቡርጂው አለ፣ ገሪው አለ፣ ገብራው አለ፤ ሁሉም በየተራው ጤናዬን ያጣራል። ለሁሉም ደህና ነኝ ብዬ ስጨርስ እውነትም ያመኛል።

የስዋሂሊው «ሆዲ» ጨዋ ቃል ነበር። ከደጅ ቆመህ ትጣራለህ፣ «ካሪቡ» እስኪሉህ ትጠብቃለህ። ማንያታ ውስጥ «ሆዲ» የሚባለው ተቀምጦ፣ አንዳንዴም ስኳር ከጨመሩ በኋላ ነው።

ደግሞ በ2020 መጨረሻ ዐቢይ አሕመድና ኡሁሩ ኬንያታ የመረቁት የአንድ ማቆሚያ ኬላ አለን። መንገደኛው አንዴ ቆሞ የሁለቱንም አገር ጣጣ ይጨርሳል፤ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ማኅተም፣ በቃ። ከኬላው እስከ ቤቴ ግን በየደጁ ማቆሚያ ነው። የመንግሥት ሹም ያልጠየቀኝን የጥርሴን ሕመም ሳልናገር አንዱንም በር አላልፍም። ማኅተም የሚመታልኝም የለም፣ ስመለስ እንደ አዲስ ይጠይቁኛል።

በቀደም ዕለት ቆረጥኩና በሬን ዘግቼ ዋልኩ። ዝም ብዬ፣ ሬዲዮም ሳልከፍት። ከምሳ በፊት ታምሜ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ሞቻለሁ። ወሬው ኬላ ሲሻገር ፓስፖርት አይጠየቅም መሰል፣ ከወዲያ ማዶ ያለችው እህቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ እያለቀሰች ደረሰች። በር ስከፍት ጎረምሶቹ የድንኳን ገመድ እየፈቱ ነው። ሲያዩኝ ደስ ያላቸው አይመስልም፤ አንዱማ «ጋሼ፣ አለመሞትዎን ቀደም ብለው ቢነግሩን ምን ነበረበት?» ብሎ ተቆጣኝ። ለቀስተኛው ከሩቅ መጥቶ ባዶ አፉን አይመለስም ተባለና ቡና ተፈላ። በእኔ ቤት፣ በእኔ ከሰል፣ በእኔ ስኳር። ውኃውም የእኔ ነው፤ ጀሪካኑ ሲያልቅ «እንግዳ መጣብህ?» አሉኝ።