ነፋስ ፍለጋ

ጓደኛዬ የእረፍትን ጥበብ ያገኘ ሰው ነው። ኑሮው ቨርጂኒያ ነው፤ የታንክስጊቪንግ በዓል ሲደርስ ቤተሰቡን መኪና ውስጥ ያጭቅና ፍሎሪዳ ጫፍ ላይ እስካለችው ኪ ዌስት ድረስ ይነዳል። 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለምን? የሸራ ጀልባ ላይ ዘና ለማለት።

ስሌቱን ልብ በሉልኝ። ሀይዌይ 95 ላይ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ይከንፋል፤ ሰው የሚሆነው ፖሊስ ሲያይ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ጥድፊያ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጀልባ ላይ በጊዜ ለመድረስ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ጀልባዋና እንቁላሉ እኩል ይገባሉ።

ምቾቱስ ቢሉ! ባለ ሦስት መኝታ ቤቱን ዘግቶ፣ አራት ሆነው ቁም ሣጥን በምታክል ክፍል ይተኛሉ። ሽንት ቤቱ የሚጸዳው በእጅ ፓምፕ ነው፤ አገር ቤት ሄዶ እንዲህ ያለ ቢያጋጥመው ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ስሞታ ባሰማ ነበር። ባለቤቱ በአንድ እጇ ጀበናውን፣ በሌላው ሆዷን ይዛ ቡና ታፈላለች። (ዕጣኑ ቀርቷል፤ እሱን የሚያስታውስ ሆድ የለም።)

የበዓሉ እረፍት ከሐሙስ እስከ እሑድ አራት ቀን ነው። ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ፤ የተረፈው ሁሉ የባሕር። ባለፈው ግን ብልጥ ሆነና ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ቀን ፈቃድ ጨመረ።

በዚያች ቀን ነፋስ አልነበረም።