«አትንካው፣ እየሠራ ነው!»

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የማይነካ ኮምፒውተር አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሒሳብ ክፍል ውስጥ፣ ጥግ ላይ ነው። ዳንቴል ለብሷል። ሞኒተሩ ግንባር ላይ «ያለ ፈቃድ መንካት ክልክል ነው» የምትል፣ ዕድሜ ቢጫ ያደረጋት ወረቀት በፕላስተር ተለጥፋለች። ከጠረጴዛው ሥር ዩፒኤስ ተቀምጧል፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷልና መብራት በሄደ ቁጥር አንዴ ጮኾ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይጠፋል። ያም ሆኖ ማንም «ዩፒኤስ የለንም» አይልም። ይኸው አለ፣ ይጮሃል።

ይህን ኮምፒውተር ማስነሳት የራሱ ሥርዓት አለው። ቁልፉ ይጫናል፣ ማራገቢያው ያጓራል፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሰዓትና ቀኑ መዛባቱን የሚናገር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣና «ለመቀጠል ኤፍ 1ን ተጫን» ይላል። ይጫናል። ነገም ይላል፣ ነገም ይጫናል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የፊርማ ሰዓቱ ሳይነገረው በፊት ኤፍ 1 የት እንዳለች ይነገረዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ስላለቀች ነው። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ሰዓት ጠጋኙ ጋ ሳይቀር ትገኛለች፤ ኬዙን የከፈተ ሰው ቡናው ሳይቀዘቅዝ ቀይሯት ይነሳል። ግን ማን ይክፈተው?

ባትሪዋ ስትሞት ኮምፒውተሩ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ይረሳና ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሒሳብ ክፍሉ ውስጥ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ይሆናል። እኛ መቼም ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መቁጠር የለመድን ሕዝብ ነንና ልዩነቱ ያን ያህል አላስደነገጠንም። የሚደነግጠው ብራውዘሩ ነው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ዲጂታል ምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ በ2002 ለቆመ ኮምፒውተር ደግሞ የዘንድሮው ምስክር ወረቀት ገና አልተጻፈም። ስለዚህ «አላምነውም» ብሎ ገጹን ይዘጋል። ያን ጊዜ «ኔትወርክ የለም» ይባልና ክፍሉ በሙሉ ለሻይ ይወጣል።

«እትዬ፣ ይኼ ኮምፒውተር እኮ አርጅቷል፤ ለምን አንቀይረውም?» ይላል አዲሱ የአይቲ ልጅ።

«ልጄ፣ አንተ ሳትቀጠር የነበረ ነው። አትንካው፣ እየሠራ ነው።»

«እሺ ቢያንስ አቧራውን ልጥረገው?»

«ከውጭ ከሆነ ጥረገው።»

ውስጡ ያለው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ ክፍሉ ዕድለኛ ከሆነ ዊንዶውስ 7። ኤክስፒ ለገበያ የቀረበው ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ተመርቆ፣ ተቀጥሮ፣ ኤክስፒውን «እንቀይረው» እያለ ከእትዬ ጋር ይከራከራል። ማይክሮሶፍት «ከእንግዲህ አልጠግነውም» ያለው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነበር። ዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ተከተለው፤ ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ተሰለፈ። ቀኑ በደረሰ ቁጥር በከተማችን ሐዘን ይሆናል። «ማይክሮሶፍት እኮ ድጋፉን አቋረጠብን!»

ለመሆኑ መቼ ደግፎን ያውቃል? ለቅሶ ለመድረስ እንኳ ዝምድና ይጠይቃል። ዊንዶውሳችንን የጫነልን ልጅ ሲዲውን ያገኘው ከጓደኛው ነው፤ ክራኩም አብሮ መጥቷል። ጭኖ እንደጨረሰ መጀመሪያ የሚያደርገው አውቶማቲክ አፕዴቱን ማጥፋት ነው፤ አፕዴት ከገባ «ይህ ዊንዶውስ እውነተኛ ቅጂ አይደለም» የሚለው ጽሑፍ ጥቁር ስክሪን አስከትሎ ይመጣላ! እንግዲህ ያ ኮምፒውተር ድጋፍ ያጣው በተጫነበት ቀን፣ ልጁ ሒሳቡን ተቀብሎ ከመውጣቱ በፊት ነው። የቀረው ዓለም ዓመታት ጠብቆ የደረሰበትን ወላጅ አልባነት እኛ በመጀመሪያው ቀን ደርሰንበታል። ስለዚህ የጥቅምቱ ሐዘን ለይስሙላ ነው።

አለመቀየሩ ግን ሁሉም ስንፍና አይደለም፤ እዚህ ላይ እትዬን አላማቸውም። አንደኛ፣ ፒችትሪ አለ። አሳታሚው ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ከለወጠው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሥራ ማስታወቂያዎቻችን ግን ዛሬም «የፒችትሪ ዕውቀት ያለው/ያላት» ይላሉ። የድርጅቱ የብዙ ዓመት ሒሳብ በአሮጌው ፒችትሪ ውስጥ አለ፤ አሮጌው ፒችትሪ በአሮጌው ዊንዶውስ ላይ አለ፤ አሮጌው ዊንዶውስ በዚያ ዳንቴል ሥር አለ። አንዱን ቢነኩት ሁሉም ይመጣል። ጎኑ ያለችው ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ደግሞ በሰፊው ባለ 25 ፒን ገመድ እንጂ በዩኤስቢ አትናገርም፤ አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች በአብዛኛው የዚያ ገመድ መሰኪያ የላቸውም።

ሁለተኛው ምክንያት ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቋሚ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ለብዙ ዓመታትም ከዚያ በኋላ፣ በቀደሙት የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈው አማርኛ በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ ተደርቦ ነበር የሚኖረው። ኮምፒውተሩ ራሱ አማርኛ መጻፉን አያውቅም፤ የሚያውቀው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ያለበት ማሽን ላይ ፋይሉ «ለክቡር ሥራ አስኪያጅ» ይላል፤ የሌለበት ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የቃለ አጋኖ ድብልቅልቅ ይሆናል። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር መላክ የጀመረው በቪስታ ነው። ስለዚህ የ1990ዎቹ ቃለ ጉባኤ፣ የዕድሩ መዝገብ፣ የጡረታ ደብዳቤው ሁሉ አማርኛ የሚናገረው በዚያ አንድ ኮምፒውተር ፊት ብቻ ነው።

ወደ ዩኒኮድ የሚገለብጡ መሣሪያዎች አሉ። ሥራው አሰልቺ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። እኛ ግን የምናደርገው ሌላ ነው፤ ባለፈው ሳምንት የተቀጠረችው ጸሐፊም የዘንድሮውን ደብዳቤ በዚያው በድሮው ፎንት ትተይባለች። ለምን? «ያምራላ!» የድሮውን ዕዳ ሳንከፍል በየቀኑ አዲስ እንበደራለን ማለት ነው።

«ይኼ የድኃ አገር ጉዳይ ነው» የሚል ካለ ፓሪስን ይይ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 በኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ በጉም ቀን በረራ ተቋረጠ፤ ለአብራሪዎች የአየር ሁኔታ መረጃ የሚያቀብለው ኮምፒውተር ተበላሽቶ ነበር። የሚሠራው በዊንዶውስ 3.1 ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ1992 ዕቃ። የሳንፍራንሲስኮ ከተማ ባቡር መቆጣጠሪያም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በየማለዳው ከፍሎፒ ዲስክ ሲነሳ ኖሯል፤ የኮምፒውተር ሁሉ እናት በሆነው በሲሊከን ቫሊ ደጃፍ! ከሁሉ የሚበልጠው የአሜሪካ የኑክሌር ጦር ነው። ትእዛዝ ማስተላለፊያው እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ ባለ ስምንት ኢንች ፍሎፒ ይጠቀም ነበር። የዓለም መጨረሻ እንጀራ ምጣድ በሚያህል ባይሆንም በሰሃን በሚያህል ፕላስቲክ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ልዩነቱ ግን ወዲህ ነው። የኑክሌሩ ማሽን ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም ነበር፤ ማንም በኢንተርኔት ሊደርስበት አይችልም ነበር። የእኛው የማይነካ ኮምፒውተር ሰው እንዳይነካው ወረቀት ተለጥፎበት፣ ኢንተርኔቱ ግን ቀን ከሌት ተሰክቶለት ያድራል። ፍላሽ ደግሞ አለ። ፍላሹ ከሒሳብ ክፍል ተነሥቶ ሠፈር ውስጥ ወዳለው የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ከከተማው ፍላሽ ሁሉ ጋር ሲሳሳም ይውልና ማታ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ሲገኝ «ማነው የነካው?» ይባላል። ማንም አልነካውም፤ ወረቀቱ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ እስኪሰርዙ ድረስ ሽባ ሲሆኑ፣ ብዙ ሰው ጣቱን ኤክስፒ ላይ ቀሰረ። ኋላ ሲጣራ አብዛኛው ተጠቂ ዊንዶውስ 7 ሆኖ ተገኘ። መጠገኛው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ያልጫነው ነው የተመታው። ኤክስፒዎቹማ ቫይረሱ ሲገባባቸው ፋይል ከመቆለፋቸው በፊት ሰማያዊ ስክሪን አሳይተው ይወድቁ ነበር ይላሉ የመረመሩት ባለሙያዎች። ሌባ በር ሲከፍት ቤቱ ፈርሶ ሌባውን አባረረው! እትዬ ይህን ቢሰሙ «አላልኳችሁም?» ይሉኛል፤ ለዚህ ነው ያልነገርኳቸው።

በሌላ በኩል ደግሞ የአዲስ ወዳጆች አሉ። «ዊንዶውስ 11 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» የሚሉ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ደህና ይሠራ የነበረ ማሽን በአንድ ሌሊት «አሮጌ» ተባለ። ግዢ ተጠየቀ፣ ተፈቀደ፣ መጣ። የት ሄደ? ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ። በየቢሮው ታዝባችሁ ከሆነ ፈጣኑ ኮምፒውተር ያለው ኮምፒውተር ብዙ የማይፈልገው ሰው ዘንድ ነው። እዚያ ኢሜይል ይነበባል፣ ዩቲዩብ ይታያል፤ የአራት መቶ ሠራተኛ ደመወዝ ግን አሁንም በዳንቴሉ ሥር ይሰላል።

በሁለቱ መካከል አንድ የማይመሰገን ሰው አለ፤ ጠጋኙ። የመንገድ ዳር ቮልስ ጠጋኝ አርባ ዓመት ያለፋትን መኪና በሽቦና በጸሎት እንደሚያስሄድ ሁሉ፣ ይህም ልጅ የሞተውን ኮምፒውተር ራሙን ነቅሎ፣ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ ፈግፍጎ፣ መልሶ ሰክቶ ያስነሳዋል። ሰው ይስቃል፤ ዘዴው ግን ትክክል ነው። ጥርሱ ላይ የተቋጠረው ዝገትና ቅባት ሲለቅ ኤሌክትሪኩ መንገድ ያገኛል። ይኸው ልጅ «ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ልቀይርልዎ፣ ራም ልጨምር» ሲል ግን የኮምፒውተሩ ባለቤት ጋሼ ሒሳቡን ሳይሰሙ «ፎርማት አድርገውና ይበቃል» ይላሉ። ፎርማት ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ የታዘዘ ጠበል ሆኗል። የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ሲተካ የአሥር ዓመት ማሽን አዲስ የተገዛ እስኪመስል ይፈጥናል፤ ፎርማቱ ግን ቫይረሱ እስኪመለስ ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ሊኑክስ የሚባል ነገርም አለ። በነፃ ነው፣ ክራክ አይፈልግም፣ አፕዴቱ አያስፈራም፣ ዊንዶውስ 11 ያባረራቸውን ማሽኖች በደስታ ይቀበላል፤ ሊኑክስ ሚንት ለምሳሌ ዊንዶውስ ለለመደ ዓይን እንግዳ አይሆንም። ስንጭንላቸው «ስታርቱ የታለ?» ይሉና ይፈሩታል። ያን ፍርሃት የሚነግሩን ደግሞ በአንድሮይድ ስልካቸው ደውለው ነው፤ የአንድሮይድ ልቡ ሊኑክስ ነው።

ፒችትሪውስ? ለእሱም መላ አለ። ቨርቹዋልቦክስን በመሰለ ፕሮግራም ኤክስፒውን ከነፒችትሪው በአዲስ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ አንድ ፋይል ማኖር ይቻላል። ኢንተርኔቱን ይነፍጉታል፣ ፋይሉን ገልብጠው ያስቀምጣሉ፣ ሲያስፈልግ ይከፍቱታል። ያኔ ኤክስፒው ሌላ ሃያ ዓመት ቢኖር ማንንም አይጎዳም። ዳንቴሉንም ማጠብ ይቻላል።

ከሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ ግን ይህ ነው። «ለመሆኑ የዚህ ሁሉ ሒሳብ ባካፕ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ ያለ ጥርጣሬ፣ «አዎ! ዲ ላይ አለ» ይሏችኋል። ጥሬው ሲ ላይ፣ ባካፑ ዲ ላይ።

ሲና ዲ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ የተከፈሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ዲስኩ የሞተ ዕለት አብረው ይሞታሉ። እባካችሁ፣ ይህን አንብባችሁ እንደጨረሳችሁ አንድ የውጭ ሃርድ ዲስክ አምጡና ገልብጡ፤ የተገለበጠውንም ሌላ ቤት አስቀምጡ። እትዬን አስፈቅዳችሁ።